ሞዝሊ ኦልድ ሆል፦ ጡቡ አያታላችሁ

እንግሊዝ ውስጥ ዎልቨርሃምፕተን ከተማ አካባቢ ለምትኖሩ ወይም በዚያ በኩል ለምታልፉ፦ ሞዝሊ ኦልድ ሆልን ፎቶ ላይ አይታችሁ «ይሄማ ተራ የጡብ ቤት ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። እውነቱን ለመናገር ከውጭ ብዙም አያምርም። ጡቡ ድርቅ ያለ ነው፣ መስኮቶቹም ያው። ግን ይሄ ጡብ በኋላ የመጣ ልብስ ነው። ይህ የእርሻ ቤት እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ሲሠራ የእንጨት ቤት ነበር። ጡቡን ያለበሱት በ1870 አካባቢ ነው፤ የድሮዎቹን መስኮቶችም የዚያን ጊዜ ቀየሯቸው። አገር ቤት የጭቃ ቤቱን ፊት በድንጋይ አሳምረን «ቪላ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ስትገቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ወፍራሞቹ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች፣ ግድግዳው የለበሰው የጥንት እንጨት፣ ብዙው አሁንም አለ። ለኔ ዋናው ፎቅ ላይ ያለው የንጉሡ ክፍል ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በዉስተር ጦርነት በፓርላማው ጦር ተሸንፎ ሲሸሽ ሴፕቴምበር 1651 በሌሊት እዚህ ደረሰ፣ የተኛበት አልጋም አለ። ከክፍሉ አጠገብ ባለች ትንሽ ጓዳ ወለል ስር ደግሞ መደበቂያ አለ፤ የቤቱ ባለቤቶች ካቶሊኮች ስለነበሩና በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የካቶሊክ ቄስ መሆን ነፍስ የሚያስከፍል ነገር ስለነበር ቄስ የሚሸሸግበት ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። ወታደሮች የቤቱን ጌታ ሊይዙ ሲመጡ ንጉሡን እዚያ ከተቱት። ሰውየው ቁመቱ ከ1.8 ሜትር በላይ ነው! ጉድጓዷን አይታችሁ እንዴት እንደታጠፈ አስቡት። ያኔ በቤቱ የነበረው ቄስ ሃድልስተን በ1685 ንጉሡ ሊሞት ሲል ወደ ካቶሊክ እምነት የተቀበለው ራሱ ነው። እንግዲህ ውለታ ማለት ይሄ ነው።

አትክልቱ ግን በዘመኑ የተተከለ እንዳይመስላችሁ። ናሽናል ትረስት የተባለው ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ቤቱን በ1962 ከተረከበ በኋላ የ1640 ንድፍ ተከትሎ ያሠራው ነው። ያምራል፣ ግን ኤም 54 አውራ ጎዳና ቅርብ ስለሆነ የመኪናው ጩኸት አይለቃችሁም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለጡቡ ነው። ጉልበት የሚያማቸው እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ስለ ደረጃው ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ዋናው ነገር ያለው ፎቅ ላይ ነው።