ክሬድል ቪኤስኤ የግፊት መለኪያ፦ ቢጫው መብራት «ቶሎ ትውለድ» ማለት ነው?

ክሬድል ቪኤስኤ ለነፍሰ ጡሮች ታስቦ የተሠራ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ነው። አምራቹ ማይክሮላይፍ ሲሆን የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አብረው ሠርተውበታል። ማሰሪያው በእጅ እየተጨመቀ ይነፋል፣ አየሩን ግን መሳሪያው ራሱ ያስተነፍሳል። ባትሪው በተራ የስልክ ቻርጀር ይሞላል። ስክሪኑ ላይ የላይኛው ግፊት፣ የታችኛው ግፊትና የልብ ምት ይወጣሉ። ከሌሎች መለኪያዎች የሚለየው ግን ከቁጥሩ ጋር የሚበራው መብራት ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ። ቢጫውና ቀዩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አላቸው።

ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት የግፊት ነው። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ሲደርስ ቢጫ፣ የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ሲደርስ ደግሞ ቀይ ይበራል። ወደ ታች የሚያመለክተው የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን ማስጠንቀቂያ ሲሆን የሚሰላውም የልብ ምትን ለላይኛው ግፊት በማካፈል ነው። ውጤቱ 0.9 ሲደርስ ቢጫ፣ 1.7 ሲደርስ ቀይ ይሆናል። እንግዴ ልጇ ያለጊዜው የተላቀቀባት ሴት ምቷ 112፣ የላይኛው ግፊቷ 100 ቢሆን ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻ ሲታዩ ብዙም አያስደነግጡም። መሳሪያው ግን 1.12 ብሎ ቢጫ ያበራል። ደም መፍሰስ በዓይን ከሚታየው ይልቅ ማህፀን ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል ይህ ስሌት ብቻውን መሳሪያውን ያስመሰግነዋል። ትኩሳት፣ ከባድ የደም ማነስና ምጥ ምትን ስለሚያፋጥኑ ወደ ታች የሚያመለክት ቢጫ ሁሉ ደም መፍሰስ አይደለም።

በልኬት ትክክለኛነቱ እንተማመንበታለን። ብዙ ዲጂታል መለኪያዎች ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ግፊት ጨምሮ ኩላሊትን፣ ጉበትንና ሌሎች አካላትን የሚጎዳ ሕመም) ባለባት ሴት ላይ ግፊቱን አሳንሰው ያሳያሉ፤ በጤናማ ሰው ላይ ተፈትኖ ያለፈ መሳሪያ ለእርግዝና ይበቃል ማለት አይቻልም። ይህኛው በእርግዝና፣ በፕሪኤክላምፕሲያና ግፊት በወረደባቸው ሴቶች ላይ ተፈትኖ አልፏል።

ችግሩ የሚጀምረው መብራቱ ከበራ በኋላ ነው። ቀዩ እምብዛም አያከራክርም። አረንጓዴውም ብዙውን ጊዜ እረፍት ይሰጣል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ቢጫው ግን «ትጠብቅ ወይስ ትውለድ?» የሚለውን ጥያቄ ሰው እጅ ላይ ጥሎ ይሄዳል። መሳሪያው የእርግዝናውን ሳምንት አያውቅም፣ ሽንቷንም ደሟንም አላየም፣ ፅንሱንም አልሰማም።

ሦስት ሴቶች ቢጫ በራባቸው እንበል። የመጀመሪያዋ 38ኛ ሳምንቷ ነው፣ ግፊቷ 150 በ100፣ ምንም አያማትም። በአራት ሰዓት ልዩነት ተለክቶ ከፍ እንዳለ ከጸና መጠበቁ ጥቅም የለውም። ከ37 ሳምንት በኋላ በእርግዝና የመጣ ግፊት፣ ሽንት ላይ ፕሮቲን ባይገኝም እንኳ፣ ምጥ የሚጀመርበት ምክንያት ነው። ሁለተኛዋም 150 በ100 ናት፤ ግን 31ኛ ሳምንቷ ላይ ናት፣ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ቢኖርም ፕሌትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) 180,000፣ ጉበትና ኩላሊቷ ደህና፣ ራስ ምታት የላትም። እሷን ማዋለድ ስህተት ይሆናል፤ በቅርብ እየታየች ትቆያለች። ሦስተኛዋ 30ኛ ሳምንቷ ነው፣ ግፊቷ ከሦስቱም ዝቅ ያለ፣ 146 በ94። ነገር ግን ከቀኝ ጎድን አጥንቷ ሥር ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ፕሌትሌቷ 70,000 ወርዷል፣ የጉበት ኢንዛይሟ ከመደበኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሄልፕ ሲንድሮም፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች የሚፈርሱበት፣ ጉበት የሚጎዳበትና ፕሌትሌት የሚወርድበት የፕሪኤክላምፕሲያ ከባድ መልክ ነው። ከሦስቱ በአስቸኳይ መውለድ ያለባት እሷ ናት፣ የበራላት ግን ያው ቢጫ ነው። እንዲያውም ሄልፕ ያለባቸው አንዳንድ ሴቶች ግፊታቸው ጭራሽ ስለማይጨምር አረንጓዴ ሊበራላቸው ይችላል። ስለዚህ በማይለቅ ራስ ምታት፣ በዓይን ብዥታ ወይም በጨጓራ አካባቢ ሕመም የመጣችን ሴት አረንጓዴ አይቶ ወደ ቤቷ መመለስ የመሳሪያው ጥፋት አይሆንም።

እንግዲህ ከመሳሪያው ጎን ምን መኖር አለበት? በእኛ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው የተረጋገጠ ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ ሳምንቱን በጥቂት ቀናት ስህተት ይነግራል፤ በስምንተኛው ወር የተነሳው ግን በሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። 33 ሳምንት ይሁን 36 የማይታወቅ እርግዝና ላይ የሚሰጥ ውሳኔ ግማሹ ግምት ነው። ቀጥሎ የሽንት ስትሪፕ፤ 2+ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፕሪኤክላምፕሲያ ያስጠረጥራል። ከዚያ ፕሌትሌት፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) እና የጉበት ኢንዛይም። ፕሌትሌት ከ100,000 ከወረደ፣ ክሬአቲኒን በዴሲ ሊትር ከ1.1 ሚሊ ግራም ካለፈ፣ ወይም ኢንዛይሙ እጥፍ ከሆነ ሕመሙ ከባድ ይባላል፣ መብራቱ ቢጫም ቢሆን። የፅንሱ ነገር ራሱን የቻለ ምርመራ ነው። የልብ ምቱ ለ20 ደቂቃ ተቀድቶ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከፍ ማለት አለበት፤ ፅንሱ ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል ካልታየ እስከ 40 ደቂቃ ይቀጥላል። በአልትራሳውንድ የእንሽርት ውሃው ጥልቀት ከ2 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ዕድገቱ ወደኋላ የቀረ ፅንስ ከሆነ በእትብቱ ያለው የደም ፍሰት በዶፕለር ይታያል። በልብ ምቶች መካከል ፍሰቱ ከተቋረጠ ከ33 እስከ 34 ሳምንት፣ ወደኋላ ከተመለሰ ደግሞ ከ30 እስከ 32 ሳምንት ባለው ጊዜ መውለድ ይመከራል።

ወደ ላይ የሚያመለክት ቀይ ሲበራ በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ መለካት፣ ከጸና በ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒት መጀመር ነው። በአፍ የሚዋጥ ፈጣን ኒፈዲፒን 10 ሚሊ ግራም፣ ካልወረደ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ግቡ ከ140 እስከ 150 በ90 እስከ 100 ነው። በአንድ ጊዜ 120 ላይ ማውረድ ለእንግዴ ልጁ የሚደርሰውን ደም ይቀንስና ፅንሱን ይጎዳል፤ ቀዩን ቶሎ አረንጓዴ ለማድረግ የሚጣደፍ ሰው የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። መንቀጥቀጥን ለመከላከል ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ወዲያው 5 ግራም በእያንዳንዱ ቂጥ ይወጋል፤ ከዚያ በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም። እያንዳንዱ ቀጣይ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ሽንቱም በሰዓት ወደ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ይታያል። ማርከሻው 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፣ ከአልጋው አጠገብ መቀመጥ አለበት።

ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ከ34 ሳምንት በኋላ ከሆነ እናቲቱ ከተረጋጋች በኋላ ትወልዳለች። ከ34 በፊት ከሆነና ግፊቱ በመድኃኒት ከተያዘ፣ የፅንሱ ሳንባ እንዲጠነክር ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ይሰጣል፤ የሚጠቅመውም በሰባት ቀን ውስጥ ትወልዳለች ተብሎ ሲታመን፣ ኢንፌክሽን ሳይኖር፣ ለሕፃኑም እንክብካቤ ባለበት ቦታ ነው። ካንቀጠቀጣት፣ ሳንባዋ ውሃ ከቋጠረ፣ እንግዴ ልጁ ከተላቀቀ ወይም ግፊቱ አልወርድ ካለ ግን አራቱ መርፌ እስኪያልቅ አይጠበቅም። «ቶሎ ትውለድ» ሲባል ደግሞ ሁሌ ኦፕራሲዮን ማለት አይደለም። ፕሪኤክላምፕሲያ ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት ስላልሆነ የማህፀን በሩ ታይቶ ምጥ ማስጀመር ይሞከራል። ሚሶፕሮስቶል 25 ማይክሮ ግራም በአፍ በየሁለት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ለወለደች ግን ማህፀን ሊቀደድ ስለሚችል አይሰጥም።

ከ34 እስከ 37 ባለው መሃል፣ ሕመሙ ከባድ ሳይሆን፣ ምን ይሻላል? እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ፣ መለያየታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2019 የወጣው የእንግሊዞቹ ፊኒክስ ጥናት 901 ሴቶችን አይቶ ቶሎ መውለድ እናትን ከጉዳት እንደሚያድን፣ ነገር ግን ወደ ሕፃናት ክፍል የሚገቡትን ከ34 ወደ 42 በመቶ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። በ2023 በህንድና በዛምቢያ 565 ሴቶች ላይ የወጣው ክሬድል 4 ጥናት ደግሞ ቶሎ የወለዱት ሴቶች ሞቶ የሚወለድ ሕፃን እንደቀነሰላቸው፣ የተወለዱት ሕፃናትም ከሌሎቹ የባሰ እንዳልደረሰባቸው አገኘ። ከዚህ የምንወስደው ፅንሱን በየቀኑ መከታተል በማይቻልበት ቦታ መጠበቅ ራሱ አደጋ እንዳለው ነው። መጠበቅ የሚባለው ሴትዮዋን ቤቷ ልኮ ቀጠሮ መስጠት ከሆነ፣ ያ መጠበቅ ለመባልም አይበቃም።

መሳሪያው ራሱስ ሞት ቀነሰ? ከ2016 እስከ 2017 በአፍሪካ፣ በህንድና በሄይቲ በአሥር ቦታዎች ተሞክሮ በ2019 በወጣው ጥናት፣ የእናቶች ሞት፣ መንቀጥቀጥና በድንገተኛ ኦፕራሲዮን ማህፀን ማውጣት ተደምረው ሲታዩ መሳሪያው በመግባቱ ብቻ ቀንሰዋል ሊባል አልተቻለም። አያስገርምም። መብራት መኪና፣ ደም፣ ማግኒዥየምና ኦፕራሲዮን ክፍል አያመጣም። ገዢ ተቋም ከሆነ ከመሳሪያው በፊት «ቀይ ሲበራ ለማን ይደወላል፣ በምን ትሄዳለች?» የሚለውን ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ።

አለካኩ ላይ የሚታዩት ስህተቶች ከቀላል እስከ አሳሳች ናቸው። ማሰሪያው ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ የክንዱ መሃል ከ32 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ትልቁን ማሰሪያ መጠቀም ነው። በልብስ ላይ ማሰር፣ እያወሩ መለካት፣ እግር አጣምሮ መቀመጥ፣ ክንድን ያለ ድጋፍ ማንጠልጠል ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ተቃራኒው የባሰ ነው፦ በግራ ጎኗ ተኝታ ከላይ በሆነው ክንዷ ከተለካ ግፊቱ ከአሥር ሚሊ ሜትር በላይ ወርዶ ሊወጣ ይችላል፤ ቀይ የነበረው ቢጫ፣ ቢጫው አረንጓዴ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ጀርባዋ ተደግፎ ትቀመጥ፣ ክንዷ በልቧ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በምጥ ላይ ከሆነች ቁርጠቱ ሲያልፍ ይለካ። በእጅ የሚነፋ መሆኑ ደካማ ጎኑ ነው፤ ግፊቷ ከፍ ላለ ሴት በቂ ካልተነፋ ስህተት ያሳያል፣ ራሷ እየነፋች የምትለካ ሴትም ክንዷን ስለምታወጥር ቁጥሩ ይዛባል። ለብቻዋ ቤት ለምትለካ ሴት በእርግዝና ላይ የተፈተነ፣ ራሱ የሚነፋ ሌላ መለኪያ ይሻላታል። ለጤና ጣቢያ፣ ለአዋላጅ ነርስ ቦርሳና ተረኛ ለሚበዛበት ማዋለጃ ክፍል ግን ይህኛውን እንመርጣለን።

ከወለደች በኋላ መሳሪያው ወደ መሳቢያ አይመለስ። ግፊት ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ከፍ ይላል፣ ያ ደግሞ አብዛኞቹ ከሆስፒታል የወጡበት ጊዜ ነው። ማግኒዥየሙ ከወሊድ ወይም ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ በኋላ 24 ሰዓት ይቀጥላል፣ ልኬቱ ግን ቢያንስ እስከ አሥረኛው ቀን።