ከሰል ወይስ የኤሌክትሪክ ምድጃ?

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ፣ ሽሮው በምን ይንተክተክ የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት አለ።

ወጪ፦ ከሰል እንደ ኪስ አቅም በፌስታል ይገዛል፤ የወሩ ሲደመር ግን ጉድ ያሰኛል። ምድጃው መግዣው ላይ ይከብዳል። የመብራት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ፍጆታ ርካሹ ነው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ግን የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ውዱ እርከን ውስጥ ይገባል። ተከራይ ይህን በደንብ ያውቀዋል!

አካባቢ፦ ከሰል ገጠር ተቆርጦ የከሰለ ዛፍ ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

አደጋ፦ ከከሰል ፍም የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም። ፍም ያለበት ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ምድጃው ላይ የሚያሰጋው የተላጠ ሽቦና የላላ ሶኬት ነው።

ምቾት፦ መብራት ሲጠፋ ከሰል ያድናል። ጀበናም ጠፍጣፋ ምድጃ ላይ ይወላገዳል፤ ዕጣኑም ያለ ፍም አይሆንም።

የራሱ ቆጣሪ ላለው፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ ለዕለቱ ወጥ ምድጃው ያዋጣል። ቆጣሪ ለሚጋራ ወይም መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ሰፈር ትንሽ ከሰል መያዝ አይከፋም፤ ማንደጃው ግን ደጅ ይሁን።