ለሬሚንግተን 700 ምትክ ሰደፍ፦ ቦይድስ፣ ሆግ ወይስ ቤል ኤንድ ካርልሰን?

ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የተመረተው ሬሚንግተን 700 ምትክ ዕቃ በብዛት ከሚገኝላቸው የአደን ጠመንጃዎች አንዱ ነው። በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ ተብሎ የሚቆጠረው ተከታታይ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት አካል ስለሆነ፣ ሰደፉን፣ ማለትም ይህ ብረትና በርሜሉ የሚቀመጡበትን ሙሉ እጀታ፣ እንደማንኛውም ዕቃ አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣት ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ሻጮች «ያለ ሥራ ይገጥማል» የሚሉት ሰደፍ ብዙ ጊዜ ጥቂት መሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መታሸት ይፈልጋል። በመሆኑም ገዢ ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት ከሦስቱ ሰደፍ ሠሪዎች፣ ከቦይድስ፣ ከሆግና ከቤል ኤንድ ካርልሰን፣ የትኛው ሰደፍ በራሱ እጅ ሊስተካከል እንደሚችል ቢያውቅ ይሻለዋል።

ሚቸል በተባለችው የሳውዝ ዳኮታ ከተማ የሚሠራው ቦይድስ፣ ስስ የእንጨት ንጣፎችን በሙጫ አጣብቆ የሚያዘጋጀው ሰደፍ ከሦስቱ ለእጅ ሥራ የሚመቸው ነው። እንጨት ስለሆነ ይፋቃል፤ ከመጠን በላይ ቢፋቅም ኤፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ሊሞላ ይችላል። በብዛት ሥራ የሚጠይቀው በርሜሉ የሚተኛበት ቦይ ነው፤ በርሜሉ ቦዩን መንካት የለበትም። የሚነካካውን ቦታ ለማግኘት በርሜሉን ከሥር በሻማ ጥላሸት ቀብቶ፣ ጠመንጃውን ሰደፉ ላይ በቀስታ አስቀምጦ መልሶ ማንሳት በቂ ነው፤ እንጨቱ ላይ ጥቁር ምልክት የቀረበት ቦታ ብቻ፣ በክብ ዘንግ ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ሥራው ያበቃው ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ከጠበቁ በኋላ አንድ ቁራጭ ወረቀት በበርሜሉና በቦዩ መካከል ከጫፍ እስከ ብረቱ አካል አፍ ድረስ ሳይያዝ ሲንሸራተት ነው። የተፋቀው ቦታ ወዲያው ቫርኒሽ ካልተቀባ እርጥበት ይስባል፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ በሙጫ የተጣበቀው እንጨት ከተራው ዋልነት ይከብዳል፣ ተራራ ለሚወጣ አዳኝም ልዩነቱ ይሰማዋል።

ሆግ የሚሸጠው በፋይበርግላስ በተጠናከረ ፕላስቲክ ላይ ጎማ የለበሰ ሰደፍ ነው። በዝናብ ከእጅ አያዳልጥም፣ ቀለሙም አይላጥም። ነገር ግን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ስለሚቦጫጨቅ፣ በውጭ በኩል መነካት የለበትም። በሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ ብሎኖቹ በሚያልፉበት ቀዳዳ ብቻ የብረት ቱቦ ያለው ርካሹ ነው፣ ከውስጥ የጠመንጃው ብረት የሚያርፍበት ሙሉ የአልሙኒየም መደላድል ያለው ደግሞ ይወደዳል። የርካሹ የፊት ክፍል ስለሚለመጥ፣ ተኳሹ ጠመንጃውን ድጋፍ ላይ ሲያስደግፈው ቦዩ ወደ በርሜሉ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ሆግን ለሚመርጥ ሰው የምመክረው ባለ መደላድሉን ነው።

ከዶጅ ሲቲ፣ ካንሳስ የሚመጣው ቤል ኤንድ ካርልሰን ዘወትር ከሦስቱ ውዱ ነው። የአልሙኒየም መደላድሉ በማሽን የተቀረጸ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይነካ ይገጥማል፤ ብሎኖቹም በተለምዶ እስከ 65 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ድረስ ይጠብቃሉ፣ ይህን ያህል ኃይል ግን ባዶ እንጨት ላይ መጠቀም እንጨቱን ይጨፈልቀዋል። የበርሜሉ ቦይ ጠበብ ቢል ማሸት ይቻላል፤ የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ግን አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ነው። መደላድሉ ራሱ ካልገጠመ፣ አልሙኒየም በቤት ውስጥ በሞረድ የሚስተካከል አይደለምና ለሻጩ መመለስ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ከማዘዝ በፊት የጠመንጃው አካል አጭር ወይም ረጅም መሆኑን፣ በርሜሉ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን፣ ካዝናውም ከሥር የሚከፈት ወይም የተዘጋ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በተሳሳተ ትእዛዝ የመጣን ሰደፍ ምንም ያህል መፋቅ አያድነውም።

አለመግጠም ሲያጋጥም የሚፋቀው ሁልጊዜ ሰደፉ እንጂ የጠመንጃው ብረት አይደለም። በተለይ ርግጫውን ለሰደፉ የሚያስተላልፈው ከበርሜሉ ሥር ያለው ጥርስ በኋላ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መደገፍ አለበት፤ እሱን መሞረድ ጠመንጃውን ማበላሸት ነው። ምላጩም ቢሆን ለባለሙያ ይተው። ጠመንጃው ሲፈታ የተሠራበትን ጊዜ ማየትም ይጠቅማል፤ ሬሚንግተን ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ኤክስ ማርክ ፕሮ በተባለው ምላጭ የሠራቸውን 700ዎች፣ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል በሚል ስጋት በ2014 ለጥገና ጠርቷቸው ነበር።

እኔ ቢሆን፣ ለማሸት ትዕግሥት ላለው ሰው ቦይድስን፣ ለሌለው ቤል ኤንድ ካርልሰንን እመርጥለታለሁ፤ ሆግ ዝናብ ለሚበዛበት አገር ነው። ከተገጠመ በኋላ፣ ጥይት እንደሌለው ሁለት ጊዜ አይቶ፣ ምላጩ፣ የደህንነት መቆለፊያውና የማቀባበያው እጀታ ሰደፉን ሳይነኩ በነጻነት መንቀሳቀሳቸውን መፈተሽ ይገባል፤ አንዱ ከነካ ጠመንጃው ገና ለመተኮስ አልደረሰም።