ካንቫ ለመጽሐፍ ሽፋን፦ ነጻው እስከምን ያዘልቃል?

ለኢ-መጽሐፍ የፊት ገጽ፣ በኢንተርኔት ንድፍ የሚሠራበት መሣሪያ ካንቫ በነጻው ቅጂው ይበቃል። ለኪንድል (ለአማዞን ኢ-መጽሐፍ) የሚመከረውን ስፋት 1600፣ ቁመት 2560 ፒክስል ራስዎ ሞልተው ይጀምሩ።

ድክመቱ ዝግጁ ቅጾቹ ናቸው። ጨረቃ፣ ቁልፍ፣ ብቻዋን የቆመች ዛፍ፤ የማንኛውም ታሪክ ሽፋን ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ የማንም አይደሉም። በታሪኩ ውስጥ ትርጉሙ እየተለወጠ የሚመላለስ አንድ ዕቃ ይምረጡ። ስለ ስደት ለሚተርክ ልቦለድ አውሮፕላን ከመለጠፍ፣ ማስጫ ገመድ ላይ የቀረች አንዲት ቀሚስ ትሻላለች። ሁለተኛ ምልክት ሲጨመር ግን ዓይን ማረፊያ ያጣል። ምስሉን ወደ 100 ፒክስል ቁመት አሳንሰው ይዩት፤ ርዕሱ ካልተነበበ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፊደሉ ቅጥነት ወይም ከጀርባው ጋር የተቀራረበ ቀለሙ ነው።

ለኅትመት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ካንቫ የመጽሐፉን ውፍረት አያሰላልዎትም፦ 200 ገጽ፣ በአንድ ገጽ 0.057 ሚሊ ሜትር ሲታሰብ 11.4 ይመጣል፤ የኤ5 ሙሉ ሽፋን፣ የፊቱና የኋላው ገጽ ከውፍረቱ ጋር ተደምሮ፣ 307.4 በ210 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመቁረጫ ትርፉን (ከጠርዙ አልፎ ተቆርጦ የሚጣለውን) ሲያወርዱ ያስጨምሩ። በሲኤምዋይኬ (በኅትመት ቀለም ሥርዓት) ማውረድና የራስን ፊደል መጫን የሚቻለው ከፍለው ነው። በአርጂቢ (በስክሪን ቀለም ሥርዓት) የተላከ ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ይወጣል።