ከአስፋልት ወደ ኮሮኮንች፦ ዘጠኝ ወር በአንድ ጎማ

ማውንቴን ባይኬን ስገዛው ጎማው ለተራራ የተሠራ ነበር። ጥርሱ ትልልቅ፣ አስፋልት ላይ ሲወጣ እንደ ንብ የሚያጉረመርም። የእኔ መንገድ ግን ተራራ አይደለም። ከቤት ሥራ ቦታ 11 ኪሎ ሜትር ነው፤ 7ቱ አስፋልት፣ 3ቱ ኮሮኮንች፣ የቀረው የእግር መንገድ። ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ጭኔ ይዝል ነበር። የኋላው ጎማ መሀሉ ሙልጭ ሲል ሁለቱንም ቀየርኳቸው።

የመረጥኩት መሀሉ ለስላሳ፣ ግራና ቀኝ ዳሩ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። ስፋቱ 2 ኢንች። ይኸው ዘጠኝ ወር ሞላው፤ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ሄጄበታለሁ።

ልዩነቱ የታወቀኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። ድምፁ ጠፋ። ፔዳል መምታት ሳቆም እንኳ ብስክሌቱ መሄዱን አይተውም። ትልቅ ጥርስ አስፋልት ላይ ሲጫን ይታጠፋል፣ ይመለሳል፤ ያ መተጣጠፍ ነው ጉልበት የሚበላው።

እርጥብ አስፋልት ላይ ጥርስ ያለው ይሻላል ሲባል ሰምቼ እኔም አምን ነበር፤ ያ ግን ለመኪና ነው። የመኪና ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ፍጥነቱም ስለሚበዛ ነው። የብስክሌት ጎማ ግን ጠባብና ክብ ነው፤ ውሃውን ወደ ጎን ገፍቶ መሬት ያገኛል። እዚያ ላይ የሚይዘው መሬት የሚነካው የጎማው ብዛት እንጂ ጥርሱ አይደለም። የተቀባ መስመርና የብረት ክዳን ላይ ግን የትኛውም ጎማ አይታመንም። ዝናብ ሲሆን እዚያ ላይ ፍሬን አልነካም።

ያልወደድኩት ኩርባውን ነው። አስፋልት ላይ ጠበቅ አድርጌ ስታጠፍ፣ ከለስላሳው ወደ ጥርሱ በሚያልፍባት ቅጽበት ብስክሌቱ ይዋዥቃል። እስካሁን አልጣለኝም፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ኮሮኮንች ላይ ቀጥ ብዬ ስሄድ ደግሞ የዳሩ ጥርስ መሬት አይነካም ማለት ይቻላል። ሥራ የሚሠራው ስታጠፍ ወይም ጎማው ልል አፈር ውስጥ ሲሰምጥ ነው። ጭቃ ላይ የኋላው ባለበት ይሽከረከራል፤ ወርጄ እገፋለሁ። 200 ሜትር ለማይሞላ ጭቃ ብዬ 11 ኪሎ ሜትር ሙሉ ትልቅ ጥርስ መጎተት አልፈልግም።

ከጎማው ምርጫ በላይ የጠቀመኝ ግን ንፋሱ ነው። መጀመሪያ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር፣ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ አይቼ እስከዚያ ሞላሁት። ኮሮኮንቹ ላይ እጄ እስኪደነዝዝ አነጠረኝ፤ የፊቱ ጎማ ድንጋይ በነካ ቁጥር አቅጣጫ ይስታል። ከዚያ 25 አደረግኩት። እንዴት እንደተመቸኝ! አምስት ቀን ቆየ። አንድ ሹል ድንጋይ ስመታ የኋላው ፍስስ አለ። ከመነዳሪውን ሳወጣው ጎን ለጎን ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ። ሚስማር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። እንዲህ ጥንድ ሲሆን ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቀርጥፏል ማለት ነው፤ ንፋሱ አንሷል። አሁን የፊቱ 32፣ የኋላው 38 ነው። አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው የኋላው ላይ ነውና። እኔ ከነቦርሳዬ 78 ኪሎ ነኝ፤ ከዚህ የሚከብድ ሰው ትንሽ ይጨምር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በመለኪያ አያለሁ። ተጭኖ መገመት አያዋጣም፤ 25ም 35ም ለጣት ያው ናቸው።

በዘጠኝ ወር ሦስት ጊዜ ተበስቶብኛል። ያለፋኝ የመጨረሻው ነው። ለጥፌ ገጠምኩት፤ በማግስቱ እንደገና ተነፈሰ። ሁለተኛ ስፈታው የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ቀስ ብዬ ዳበስኩ። አንድ ቦታ ላይ የጨርቁ ክር ያዘ። ጎማውን ገልብጬ ሳጎብጠው የስንዴ ቅንጣት የማታክል የጠርሙስ ስባሪ ብልጭ አለች። በመርፌ ነቅዬ አወጣኋት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። ከመነዳሪውን ብቻ ለጥፎ መመለስ እንደማይበቃ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የፊቱ ጎማ አሁንም አዲስ ይመስላል። የኋላው መሀሉ ጠፍጥፏል።

ሲያልቅ ግን ያንኑ ዓይነት አልደግምም። አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያለውን እገዛለሁ፤ ኩርባ ላይ ያ መዋዠቅ እንዲቀር። እንደ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ያለ፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር መከላከያ የተነጠፈበት ጎማም አስቤ ነበር። ጠርሙስና እሾህ ለሚበዛበት መንገድ ጥሩ ነው። ይከብዳል ግን፣ ግትርም ነው፤ ለእኔ ኮሮኮንች አይመቸኝም።

ስትገዙ 26 ኢንች የሚለውን ቁጥር ብቻ አትዩ። የእኔ ጎማ ጎን ላይ 50-559 ይላል፤ 50ው ስፋቱ፣ 559ኙ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር በሚሊ ሜትር ነው። 26 ተብሎ የሚሸጥ 590ም አለ። ማውንቴን ባይክ ቸርኬ ላይ አይገጥምም።