ጎርጎራ ሀይቁ ዳር እናቴን እንደ እናታቸው ላስተናገዱ ቤተሰብ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ ይሄን ነገር መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ግን ስራ ምናምን እያልኩ ቆየሁ፣ እናቴ ደሞ በየቀኑ "ጻፍክላቸው ወይ?" እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ (ፌስቡክ ምን እንደሆነ በደንብ አልገባትም፣ በሬዲዮ ሚነበብ ነገር ነው ሚመስላት)። ዛሬ ተቀመጥኩ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ቤሩት በነበረችበት ሰአት እናቴ "ልጄ በሰላም ትግባልኝ እንጂ ጎርጎራ ደብረሲና ማርያም ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ" ብላ ተስላ ነበር። እህቴ በሰላም ገባች፣ አሁን አዲስ አበባ ስራ ይዛለች፣ ልጅም ወልዳለች፣ ስለቱ ግን አልገባም። አንዴ የእናቴ ጉልበት፣ አንዴ መንገዱ፣ አንዴ የኔ ስንፍና (እሱን ለብቻው ላምን)፣ ጃንጥላው አራት አመት ሙሉ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ እኛን ያያል። በቃ ዘንድሮ ጥቅምት 21 አርብ እንደሚውል ሳይ ሐሙስና አርብን ፈቃድ ሞላሁ፣ ልጆቹንም ከትምህርት ቤት አስቀረሁ፣ አስተማሪያቸው ይቺን ካነበበች ይቅርታ።

ሐሙስ ከሰአት እኔ ባለቤቴ እናቴና ሁለቱ ልጆች ከጎንደር ማራኪ ሰፈር ተነሳን። ለማታውቁት፣ አዘዞ ላይ ወደ ደምቢያ ትታጠፉና በቆላድባ በጯሂት አድርጋችሁ ጎርጎራ ነው፣ 60 ኪሎ ሜትር ምናምን ይሆናል። ጥቅምት ላይ ደምቢያን አይታችሁ ካላወቃችሁ ሂዱ ብቻ ነው ምላችሁ፣ ሜዳው ሙሉ ኑግ አብቦ ቢጫ ነው፣ ጤፉ ደሞ ሊደርስ ጎንበስ ማለት ጀምሯል፣ እናቴ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ "ውይ ምድሪቱ፣ ውይ ምድሪቱ" እያለች ነው የደረሰችው።

ታዲያ ስንደርስ ጉድ ፈላ። ከሳምንት በፊት ደውዬ ቀብድ የላኩበት ማረፊያ ነበር (ስሙን አልናገርም፣ ትልቁ ሪዞርትም አይደለም፣ እንዳትገምቱ)፣ ክፍላችንን ስብሰባ ለመጡ ሰዎች ሰጥቶታል። "ይቅርታ ወንድሜ፣ ነገ ይለቃሉ" ይለኛል ልጁ። ነገ? እናቴ መኪና ውስጥ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣ፣ ልጆቹ ርቧቸው፣ ጸሀይ ልትጠልቅ ነው። እዛው ቆሜ ስጨቃጨቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠጋ አለና "ጋሼ፣ እናትዮ እንዲህ ካመማቸው ለምን ወደነ እትዬ ቤት አልወስዳችሁም፣ እንግዳ ይቀበላሉ" አለኝ። እውነት ለመናገር ደላላ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ከፊት ከፊታችን እየነዳ አደረሰን፣ መቶ ብር ልሰጠው ስል እንኳን "ሰፈሬ ነው" ብሎኝ ሄደ።

ቤቱ ከወደቡ ትንሽ ወጣ ብሎ ሀይቁ ዳር ነው። ሆቴል እንዳትጠብቁ፣ መኖሪያ ቤታቸው ነው፣ ግቢው ውስጥ ሶስት የእንግዳ ክፍል ሰርተዋል፣ የጭቃ ግድግዳ በነጭ ኖራ የተቀባ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ፣ ከበረንዳው በታች አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ከዋርካው በታች ጣና። እንዲህ ነው በቃ። ጋሼ ድሮ አሳ አስጋሪ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ወንዱ ልጃቸው ጀልባ ይነዳል፣ ሴቷ ትማራለች፣ ቤቱን ግን ሚያንቀሳቅሱት እትዬ ናቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ነው እንዲህ ምላቸው፣ "ሰው በስሜ ይነጋገርብኛል" ነው ያሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እናቴን ከመኪና ደግፈን ስናወርዳት እትዬ ገና በሩ ላይ አይተው "ኧረ እኔን! ወዲህ በሏቸው ወዲህ" ብለው ብብቷ ስር ገቡ። ክፍል ሳንጠይቅ ዋጋ ሳንነጋገር እናቴ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጅቷ ለብ ያለ ውሀ በሳፋ ይዛ መጥታለች፣ እትዬ ደሞ ነጠላቸውን አደግድገው ተንበርክከው የእናቴን እግር እያጠቡ ነው። እናቴ "ኧረ በማርያም ተይ፣ ተይ እህቴ" ትላለች፣ እሳቸው "በማርያም ካልሽማ አልተውም፣ ወደሷ አይደል የመጣሽው" ይላሉ። ጉልበቷን በቅቤ አሽተው ጨርቅ ጠቀለሉላት። እኔ ቦርሳ እንደተሸከምኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ሴት አያቴ ስትሰራው ካየሁት ወዲህ የእንግዳ እግር ሲታጠብ አላየሁም ነበር፣ ባለቤቴ ዞር ብላ አይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ (ትክዳለች)።

እራት አሳ ነበር መቼም፣ ጋሼ ከጀልባ ላይ የወረደ ቀረሶ ሶስት አራቱን ጎን ጎኑን በቢላ ተልትለው ድፍኑን ጠበሱልን፣ ከዳጣ ጋር፣ ከዳጉሳ ቅልቅል እንጀራ ጋር፣ ልጆቼ አጥንቱን ሳይቀር ሊበሉት ደረሱ። እናቴ አምባዛ አትበላም፣ ቅርፊት የሌለው አሳ ነውር ነው ለሷ፣ ይሄን እንዴት እንነግራቸዋለን ብዬ ስጨነቅ እትዬ ቀድመውኝ "እናታችን ቅርፊት ያለውን ብቻ ነው አይደል? ለይቼዋለሁ" አሉ። ሰው እንዲህ ነው ሚያስተናግደው።

ማታ መብራት ጠፋ። ጎንደርም ይጠፋል ስለዚህ አልቆጥርባቸውም፣ ሶላር አምፖል አምጥተው ሰቀሉልን። አልጋው ንጹህ ነው፣ አጎበር ተዘርግቶበታል፣ ይሄን በደንብ ያዙት ምክንያቱም ጎርጎራ ከጎንደር ዝቅ ያለ ቆላ ቢጤ ነው፣ ወባ አለ፣ አጎበር የሌለው ክፍል እንዳትገቡ።

አርብ ንጋት ላይ ልጃቸው ጀልባውን ዋርካው ስር አቁሞ ጠበቀን። በእግር ብንሄድም ይደረሳል ግን የእናቴን ጉልበት አይተው ማታ ከአባቱ ጋር ተማክረዋል ለካ፣ "በውሀ ብንወስዳቸው ይሻላል፣ ከዳሩ ትንሽ ነው ሚራመዱት" ብለው። ወንበር ከቤት አውጥተው ጀልባው ላይ አመቻችተውላታል፣ እትዬም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረው ወረዱ፣ ኪዳን ሳያልቅ ደረስን። ሀይቁ ጸጥ ብሎ፣ አንድ ሁለት ታንኳ ከሩቅ፣ ታንኳው ያው ከደንገል የተሰራው ነው፣ ልጄ "አባዬ ሳር ላይ ተቀምጦ እንዴት አልሰመጠም" ይለኛል። እናቴ ጃንጥላውን ታቅፋ አንድ ቃል ሳትናገር ነው የሄደችው፣ ስለቱን ስታስገባ እትዬ ከጎኗ ቆመው እልል አሉላት፣ ከዛ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ትናንት የተዋወቁ ሰዎች እኮ ናቸው።

ደብረሲናን ያላያችሁ ደሞ እዩዋት። ክብ ናት፣ ክዳኗ ሳር ነው፣ የውስጥ ግድግዳዋ ላይ ያለው ስእል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የአጼ ፋሲል እህት መለኮታዊት አሳለችው ይባላል። ሴቶች ይገባሉ። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ግን ወንድ ብቻ ነው ሚገባው፣ ስለዚህ ባለቤቴና እናቴ ከጀልባው ሆነው ተሳልመው ተመለሱ።

ያን ቀን ደሞ አርብ ነው፣ እናቴ እስከ 9 ሰአት ትጾማለች። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩብኝ፣ እሷ አትበላም፣ አሳ የነካውን ድስትም አትነካም። እትዬ ለብቻው በሸክላ ድስት ሽሮ ሰርተው፣ አሳ ያልነካው ቢላ መሆኑን እያሳዩ ቃሪያውን ከትፈው፣ ልክ 9 ሰአት ሲል አቀረቡላት። እሳቸውም ከጠዋት ጀምረው አልቀመሱም ነበር ለካ፣ "እንግዳዬ ጹማ እኔ ልብላ?" አሉ፣ አብረው ቆረሱ።

ልጆቼ በዚህ መሀል ሱሪያቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን ውሀ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ጋሼ ከወዲያ ጮሁባቸው፣ እኔ መስጠም ፈርተው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ብልሃርዝያ ነው። ዳሩ ላይ፣ ሳሩ ውስጥ ቀንድ አውጣ አለ፣ እሱ ነው ሚያስተላልፈው። እውነቱን ሳይደብቁ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ቦታ ቢሆን "ችግር የለውም ይዋኙ" ነበር ሚባለው። እንቦጩንም አሳዩኝ። ድሮ ከጎንደር በእጃችን ልንነቅል አውቶብስ ሞልተን የወረድንበትን አረም ማለቴ ነው፣ ጋሼ "እናንተ ፎቶ ተነስታችሁ ሄዳችሁ፣ እሱ ግን አልሄደም" ብለው ሳቁብኝ፣ አፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁ እኔንና ትልቁን ልጄን በጀልባ ወደ አሮጌው ጎርጎራ ወሰደን፣ ማርያም ግምብ ወደሚባለው ፍርስራሽ። ጎንደር ተወልጄ አድጌ የፋሲልን ግምብ በየቀኑ እያለፍኩት አባቱ አጼ ሱስንዮስ እዚህ ከትሞ እንደነበር በስማ በለው እንጂ በአይኔ አላየሁም ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የስፔኑ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ነው ቤተ መንግስቱን ያሰራለት፣ ሰውየው የሞተውም እዚሁ ጎርጎራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1622። ንጉሱ ካቶሊክ በመሆኑ ሀገር ታመሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቀ፣ ፋሲልም በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። የጀልባው ልጅ ይሄን ሁሉ ድንጋዩ ላይ ያለውን የተፈለፈለ አበባ እያሳየ በራሱ አማርኛ ሲተርከው ልጄ አፉን ከፍቶ ነው የሰማው፣ እኔ ባስረዳው በአምስት ደቂቃ ያዛጋ ነበር።

ጉድለቱን ካልነገርኳችሁ ደሞ ልክ አይመጣም። ሽንት ቤቱ ውጪ ነው፣ ንጹህ ነው ግን ማታ ባትሪ ያስፈልጋል። ሻወር የለም፣ የሞቀ ውሀ በባልዲ ነው፣ እኔ ወድጄዋለሁ ባለቤቴ ያን ያህል። ዋይፋይ ሚባል የለም፣ ኔትወርክም ዋርካው ስር ብቻ ነው ሚሰራው። አውራ ዶሮው ደሞ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ይጀምራል፣ አንድ ቀን ዶሮ ወጥ ሆኖ ቢቀርብልኝ ደስታዬ ነው። ምቾት ፈላጊ ከሆናችሁ የገበታ ለሀገሩ ሪዞርት እዛው ጎርጎራ አለላችሁ፣ እሱ ሌላ ደረጃ ነው። ሽማግሌ ወይ ህጻን ይዛችሁ ምትሄዱ፣ ለስለት ለንግስ ምትወርዱ ግን እነዚህ ሰዎች ጋ እረፉ።

ሂሳብ ስንዘጋ ደነገጥኩ። ጎንደር ፒያሳ ለአንድ ሌሊት አንድ ክፍል ምንከፍለውን ነው ለሁለት ክፍል ለሁለት ሌሊት ከነምግቡ የጠየቁኝ። የአርቡን ጀልባ አልደመራችሁም ስል ልጁ "ማርያም ለሚሄድ ሰው አስከፍዬ የት ልገባ ነው" አለኝ፣ የቅዳሜውን ብቻ ነው የተቀበለው። በግድ ኪሱ ልከትበት ስል ጋሼ ተቆጡ፣ ተውኩት። መኪና ውስጥ ስንገባ ደሞ እትዬ ለመንገድ ብለው በአገልግል እንጀራና የተጠበሰ አሳ አስያዙን።

ስልካቸውን በአደባባይ አለጥፍም፣ ምትሄዱ ሰዎች ኢንቦክስ በሉኝ እሰጣችኋለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ የመንገዱንም ሁኔታ ጠይቋቸው፣ እውነቱን ነው ሚነግሯችሁ። ጥሬ ብር ያዙ። ቀብድ አይቀበሉም፣ "ስትመጡ እንገናኛለን" ነው ሚሉት፣ እና ክፍሉን ይይዙላችኋል።

እትዬ፣ ጋሼ፣ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ ጉልበቷ ባይድንም እሁድ እሁድ እየደወለች ከእትዬ ጋር ሰአት ሙሉ ታወራለች፣ ካርዱን ምሞላው እኔ ነኝ።

እና የመጨረሻ አንድ ጉዳይ፣ አገልግሉ እኛ ጋ ነው ያለው። እናቴ ባዶውን አይመለስም ብላ ዘንድሮ ያስፈጨችውን ሽሮና በሶ ሞልታ በነጠላ ቋጥራ በሩ ስር አስቀምጣዋለች፣ ገብቼ በወጣሁ ቁጥር እግሬን ይመታኛል። በዚህ ሳምንት በመኪና ወደ ጎርጎራ ምትወርዱ ሰዎች ካላችሁ በናታችሁ ጻፉልኝ፣ አዘዞ ድረስ አመጣላችኋለሁ።