ሊንክድ ሊስት በሲ፦ ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ ወይስ የተዘጋጀ ትወስዳላችሁ?

የሲ ስታንዳርድ ላይብረሪ ውስጥ ሊንክድ ሊስት፣ ማለትም በአድራሻ የተያያዙ ዕቃዎች ሰንሰለት፣ የለም። ፈልጋችሁ አትድከሙ። አሬይ የሚደረድር ኪውሶርት አለ። በተደረደረ አሬይ ውስጥ የሚፈልግ ቢሰርች አለ። ሊስት ግን የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሲ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መንታ መንገድ ላይ ይቆማል። ራሴ ልጻፈው ወይስ ሌላ ሰው የጻፈውን ልውሰድ?

አብዛኛው ሰው አማራጮቹን የሚያወዳድረው በፍጥነት ነው። እኔ የምጀምረው በሌላ ጥያቄ ነው፦ ኖዱ (የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት) የማነው? ሜሞሪውን ማን ጠየቀ? ማንስ ይመልሰዋል? ከታች የማነሳቸው አምስት መንገዶች የሚለያዩት በዋናነት እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከዚሁ መልስ ይከተላል።

የሚጋሩት ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኖድ የራሱን ዕቃና የቀጣዩን አድራሻ ይይዛል፤ የመጨረሻው ነል (ቀጣይ የለም) ይላል። ሀ → ለ → ሐ → ነል። መንገዱ ወደፊት ብቻ ነው። ራስ ላይ መጨመር ዓይን እንደመጨፈን ነው። መሃል ለመድረስ ግን ከራስ ጀምሮ እየተራመዱ መሄድ የግድ ነው።

በእጅ የተጻፈ

ስትራክቱ ሁለት መስመር፣ ራስ ላይ መጨመሩም ሁለት መስመር ነው። እስከዚህ ድረስ ላይብረሪ የሚያስፈልግ አይመስልም። ጣጣው የሚጀምረው ስትሰርዙ ነው።

ለን እናውጣ እንበል። የሀ ቀስት ወደ ሐ መዞር አለበት። ስለዚህ ሉፑ መቆም ያለበት ሀ ላይ እንጂ ለ ላይ አይደለም። እሺ፣ የሚወጣው ሀ ራሱ ቢሆንስ? ከፊቱ ማንም የለም፤ መለወጥ ያለበት የሊስቱን ራስ የያዘው ቫሪያብል ነው። ጀማሪ እዚህ ጋ አንድ ኢፍ ይጨምራል፦ «የመጀመሪያው ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ»። ይሠራል። ግን ያቺ ኢፍ በእያንዳንዱ ፈንክሽን ውስጥ ትደገማለች፤ አንዱ ጋ ስትረሳ ደግሞ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ከኢፏ የሚገላግሉ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንዱ የፖይንተር ፖይንተር ነው። በሉፑ ውስጥ የኖዱን አድራሻ ይዞ ከመሄድ፣ ወደ ኖዱ የሚያመለክተውን ቀስት አድራሻ ይዞ መሄድ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀስት የሊስቱ ራስ ነው፤ ሌሎቹ በየኖዱ ውስጥ ያሉት ናቸው። ለእናንተ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀስት ነው። ስትሰርዙ «ይህን ቀስት ወደ ቀጣዩ አዙር» ብቻ ትላላችሁ። ሀም ይሁን ሐ ለውጥ የለውም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2016 ቴድ መድረክ ላይ ስለ ኮድ ጣዕም ሲናገር ያሳየው ምሳሌ ይኸው ነበር። ሁለተኛው ዘዴ ከፊት አንድ ባዶ ኖድ ማስቀመጥ ነው። ያኔ እያንዳንዱ እውነተኛ ኖድ ከፊቱ የሆነ ነገር ይኖረዋል። የአንድ ኖድ ቦታ ትከፍላላችሁ፣ ኮዱ ግን ለማንም ይነበባል። ለብቻዬ ስጽፍ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ኮዱን ሲን ገና የሚማር ሰው የሚነካው ከሆነ ሁለተኛውን።

በእጅ የተጻፈ ሊስት ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ እናንተ ናችሁ። ጥፋቱም የእናንተው ነው። የራሴን ልንገራችሁ። ሊስቱን የሚያፈርሰው ሉፔ መጀመሪያ ኖዱን ፍሪ ያደርግና (ሜሞሪውን ይመልስና) ከዚያ የቀጣዩን አድራሻ ከዚያው ኖድ ያነብ ነበር። ስህተት ነው፣ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አላለኝም። የኖዱ ስትራክት ከላይ ረዘም ያለ የስም አሬይ፣ ከታች የቀጣይ ፖይንተር ነበረው። እኔ የምጠቀምበት የጂሊብሲ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ፍሪ ደግሞ ለራሱ መዝገብ ብሎ የሚጽፈው መጀመሪያ ያሉትን ጥቂት ባይቶች ላይ ነው። ፖይንተሬ ከታች ተርፎ ይነበብልኝ ነበር። አንድ ቀን ኮዱን ላሳምር ብዬ የቀጣይ ፖይንተሩን ወደ ላይ አወጣሁት። ፕሮግራሙ ወዲያው ሴግፎልት ብሎ ወደቀ። ስትራክት አሳመርኩ እንጂ ሎጂክ አልነካሁም እያልኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። በኋላ የሜሞሪ ስህተት በሚይዘው በአድረስ ሳኒታይዘር ኮምፓይል ሳደርገው መስመሩን በመጀመሪያው ሙከራ ነገረኝ። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ፍሪ ከማድረጋችሁ በፊት የቀጣዩን አድራሻ ሌላ ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጡ።

ሊስቱን በሪከርሽን (ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን) ላፍርሰው የሚልም አለ። ሲያዩት ያምራል። ኮምፓይለሩ ወደ ሉፕ ካልቀየረላችሁ ግን እያንዳንዱ ኖድ ስታክ ላይ ቦታ ይይዛል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው የስታክ ልክ 8 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ሚሊዮን ኖድ ይበላውና ያልፋል።

የቢኤስዲው የኪው ሄደር

ይህ ከ4.4ቢኤስዲ (ከዩኒክስ ቤተሰብ የሆነ ስርዓተ ክወና) ጀምሮ የኖረ አንድ ሄደር ፋይል ነው፤ ውስጡ ማክሮ ብቻ ነው። ሊንክ የሚደረግ ላይብረሪ የለውም። ለአንድ አቅጣጫ ሊስት ሁለት ዓይነት ይሰጣችኋል፦ ኤስሊስት እና ኤስቴይልኪው።

እዚህ «ኖዱ የማነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚያምር መልስ አለ። ኖድ የሚባል የተለየ ነገር የለም። የቀጣዩ ፖይንተር የሚገባው በራሳችሁ ስትራክት ውስጥ ነው፤ ዕቃው ራሱ ኖድ ይሆናል። ለአንድ ዕቃ አንድ ማሎክ (የሜሞሪ ጥያቄ) ብቻ ይበቃል። ሄደሩ ሜሞሪ አይጠይቅም፣ አይመልስም፤ ቀስት ብቻ ያዞራል። አንድ ዕቃ በሁለት ሊስት ውስጥ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ሁለት የፖይንተር ቦታ ትሰጡታላችሁ። አንዱን ቦታ ግን በአንድ ጊዜ ለሁለት ሊስት አታውሉት፤ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ከሁለቱ የትኛው? የኤስሊስት ራስ አንድ ፖይንተር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነው፤ ጭራ ላይ የሚጨምር ማክሮ ግን የለውም። ኤስቴይልኪው ራሱ ላይ ሁለተኛ ፖይንተር ይይዛል፤ በ64 ቢት ማሽን ላይ 8 ተጨማሪ ባይት ማለት ነው። በዚያ ልክ ሊስቱ ምንም ቢረዝም ጭራ ላይ መጨመር ቅጽበት ይሆናል። ወረፋ የምትሠሩ ከሆነ ኤስቴይልኪው ውሰዱ። ለ8 ባይት ሲባል መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

እንከንም አለው። ማክሮ ስለሆነ ስትሳሳቱ ኮምፓይለሩ የሚያወርደው መልእክት ያስጨንቃል። የኤስሊስት የመሰረዣ ማክሮ ዕቃውን ከራስ ጀምሮ ይፈልጋል፤ ዕቃው ሊስቱ ውስጥ ከሌለ እስከ ነል ሄዶ ይወድቃል። እየተራመዱ ለመሰረዝ የሚያስችለው «ሴፍ» የሚባለው የሉፕ ማክሮ በፍሪቢኤስዲ አለ፣ ከጂሊብሲ ጋር በሚመጣው ቅጂ ግን የለም። ከመስል (ሌላ የሲ ላይብረሪ) ጋር ደግሞ ሄደሩ ራሱ አይመጣም። መፍትሔው የፍሪቢኤስዲውን ፋይል ገልብጦ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፈቃዱ የቢኤስዲ ስለሆነ የቅጂ መብት ማስታወቂያውን እስካልነቀላችሁ ድረስ ማንም አይጠይቃችሁም።

ጂሊብ

በጂቲኬ (የመስኮትና የአዝራር መሥሪያ ላይብረሪ) የሚሠራ ሰው ጂሊብን ቀድሞውኑ በእጁ ይዟል። ሊስቱ ጂኤስሊስት ይባላል። ከላይኛው ጋር ዋናው ልዩነት ኖዱ የላይብረሪው፣ ዕቃው የእናንተ መሆኑ ነው። ኖዱ ሁለት ፖይንተር ነው፦ አንዱ ወደ ዕቃችሁ፣ ሌላው ወደ ቀጣዩ። ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሜሞሪ ይጠየቃል፤ ሊስቱን ስታፈርሱም ዕቃውን ማን እንደሚመልስ መወሰን የእናንተ ፈንታ ነው። በአንጻሩ አንድን ዕቃ ስትራክቱን ሳትነኩ የፈለጋችሁትን ያህል ሊስት ውስጥ ታስገባላችሁ። መደርደር፣ መገልበጥ፣ መፈለግ፣ ሁለት ሊስት ማገናኘት ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። ጭራ ላይ የሚጨምረው ፈንክሽን በየጊዜው ሊስቱን ከራስ እስከ ጭራ ይራመዳል። በሉፕ 10,000 ዕቃ ብትጨምሩ ወደ 50 ሚሊዮን እርምጃ ይሆናል። ራስ ላይ ጨምሩና ስትጨርሱ ቅደም ተከተሉን አንዴ ገልብጡት፤ የራሱ የጂሊብ መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ፈንክሽኖቹ አዲሱን ራስ እንደሚመልሱም አትርሱ፤ ካልተቀበላችሁት ሊስታችሁ ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው። ዕቃው የሚያዘው ዓይነቱን በማያውቅ በቮይድ ፖይንተር ስለሆነ የተሳሳተ ዓይነት ብታስገቡ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ሜሞሪ ሲያልቅ ደግሞ ጂሊብ ነል መልሶ አያማክራችሁም፤ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ለሊስት ብቻ ብላችሁ ጂሊብን አታስገቡ። ካለ ግን ተጠቀሙበት።

ዩቲሊስት

ከዩቲሃሽ (የሲ ሃሽ ቴብል ማክሮዎች) ጋር የሚመጣ አንድ ሄደር ነው። እሱም ፖይንተሩን በራሳችሁ ስትራክት ውስጥ ያስቀምጣል። ልዩ የራስ ስትራክት የለውም፤ ራሱ ተራ ፖይንተር ነው፤ ስትጀምሩ ነል ማድረግ ግን የግድ ነው። መደርደሪያም ሴፍ ሉፕም አለው። ጭራ ላይ ሲጨምር ግን እንደ ጂሊቡ ይራመዳል። በእጅ የጻፈ ሰው ሳይደናገጥ የሚገባበት ቤት ነው።

አሬይ ውስጥ የተቀመጠ ሊስት

ይህኛው ብዙ ጊዜ አይወራለትም፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ኖዶቹ በሙሉ አንድ አሬይ ውስጥ ናቸው። ቀጣዩ የሚያዘው በፖይንተር ሳይሆን በአሬዩ ቁጥር ነው፤ መጨረሻው −1 ነው።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ኢንት 4 ባይት ነው። በ64 ቢት ማሽን ላይ ፖይንተሩ 8፣ መሃል የሚገባው ክፍተት 4፤ ኖዱ 16 ባይት ሆነ። ጂሊብሲ ላይ ማሎክ የሚሰጠው ትንሹ ቁራጭ ግን 32 ባይት ነው። ለ4 ባይት ዕቃ 32 ከፈላችሁ። በአሬይ ከሆነ 4 ለዕቃው፣ 4 ለቁጥሩ፣ በድምሩ 8። ለአንድ ሚሊዮን ኖድ 32 ሜጋባይት ወይስ 8 ሜጋባይት? በዚያ ላይ በብዙ ፕሮሰሰሮች አንድ የካሽ መስመር (ከሜሞሪ በአንዴ የሚመጣው) 64 ባይት ነው። በአንድ ጉዞ 8 ኖድ ይገባል፤ በማሎክ ቢበዛ 2።

አሬዩ ሲሞላ ሪአሎክ (ማስፋት) ታደርጋላችሁ። ቦታው ቢቀየር ፖይንተር ይበላሻል፤ ቁጥር ግን እንደነበረ ነው። የተሰረዙ ኖዶች በዚያው አሬይ ውስጥ ሁለተኛ ሊስት ይሆናሉ፤ አዲስ ስትፈልጉ ከዚያ ታነሳላችሁ። ማፍረስ አንድ ፍሪ ነው። ማሎክ በማይፈቀድባቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ላይ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የሚያስከፍለው ነገር ግን ያስፈራል። የተሰረዘ ኖድ ቁጥር ይዛችሁ ብትመለሱ ፕሮግራሙ አይወድቅም። የሌላ ሰው ዕቃ በፈገግታ ይሰጣችኋል። አድረስ ሳኒታይዘርም አያየውም፤ ለእሱ አሬዩ በሙሉ ሕጋዊ ቦታ ነው።

ለእኔ ቢተውልኝ፣ ሲን ለመማር በእጅ እጽፋለሁ፤ ለመማር ሌላ መንገድ አላውቅለትም። ለሥራ ስሆን መጀመሪያ የምዘረጋው እጅ ወደ ኤስቴይልኪው ነው። ዕቃው ትንሽና ብዙ ከሆነ አሬዩን።

ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ካላችሁ ግን ከአምስቱ አንዱም አይጠብቃችሁም፤ ሙቴክሱን (መቆለፊያውን) የምታስገቡት ራሳችሁ ናችሁ። የሊኑክስ ከርነል ለዚህ ኤልሊስት የሚባል ያለ መቆለፊያ የሚሠራ ሊስት አለው። ብዙዎች በአንድ ጊዜ ራስ ላይ ይጨምራሉ፣ ተቀባዩ ደግሞ ሊስቱን በሙሉ በአንዴ ጠቅልሎ ይወስዳል። ፈቃዱ ጂፒኤል ስለሆነ ኮዱን ለዝግ ፕሮጀክት አትገልብጡት፤ ሐሳቡን ግን በሲ11 አቶሚክስ ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። የምትረከቡት ሊስት ከአዲሱ ወደ አሮጌው የተደረደረ ነው፤ በመጡበት ቅደም ተከተል ማስተናገድ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ገልብጡት።